ጠብ ያወረደው ሰፈር

የሰፈሩ ሰው «ወይኔ» ይላታል። እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም፤ ስትደነግጥ ከአፏ የምታመልጣት ቃል ነች። የጋዝ ሲሊንደሩ ቢያፏጭ ወይኔ፣ ልጇ ደረጃ ላይ ብትሮጥ ወይኔ፣ ባሏ ከሥራ ትንሽ ቢዘገይ ወይኔ። ባለሱቁ ገና ከሩቅ ሲያያት፣ ወይኔ መጣች፣ ዛሬ ደግሞ ምን ሊወድቅብን ይሆን ይላል፤ ደጁ ላይ የተቀመጡት ይስቃሉ። እሷም አብራቸው ፈገግ ትላለች። ፈገግታዋ ግን ከከንፈሯ አልፎ አያውቅም። የፈሩት ይደርሳል ሲባል እየሰማች ያደገች ሴት ናት። ለሰፈሩ ሁሉ እየፈራች ሰፈሩ ሁሉ ይስቅባታል።

ሰፈሩ ዳገት ላይ ነው። አንድ ጠባብ የድንጋይ መንገድ ከታች ከድልድዩ ይነሣና ቤቶቹን በግራና በቀኝ እያስከተለ ሽቅብ ይወጣል። መንገዱ የሚያበቃበት፣ ከሁሉ በላይ ያለው ቤት የአማቷ ነው። እሷም ከባሏና ከትንሽ ልጃቸው ጋር የምትኖረው እዚያው ነው። ከድልድዩ ማዶ፣ ሜዳው ላይ ደግሞ የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋበት ቤት አለ። እዚያ የእሷ ሥራ መተኮስ ነው። ጠረጴዛዋ መስኮቱ ሥር ስለሆነ፣ ከካውያው ላይ ቀና ባለች ቁጥር ዓይኗ የሚያርፈው ዳገቱ ላይ ነው።

እንዲህ አተኩራ ማየት የጀመረችው ባለመጋዘኑ ከመጣ ወዲህ ነው። ሰውየው ከዳገቱ ግርጌ ያለውን መሬት ገዛና፣ ለመጋዘኑ የሚሆን ደልዳላ ቦታ ለማግኘት ኤክስካቫተር አምጥቶ ዳገቱን ከሥሩ እንደ ዳቦ ይቆርሰው ጀመር። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል። ሰፈሩ ወጥቶ ማሽኑን አደነቀ፤ አንዳንዱማ ለግቢዬ መደልደያ ይሆነኛል ብሎ አፈሩን ለምኖ ወሰደ። እሷ ማዘጋጃ ቤት ሄደች። መሐንዲሱ በትሕትና ሰማት፤ ዝናቡ ሲያባራ ባለሙያ እንልካለን አላት። ዝናቡ ሲያባራ ብትሄድ መስክ ወጥቷል ተባለች። ደግማ ስትሄድ ጥበቃው ገና ከበሩ አወቃትና፣ እስካሁን አልተናደም እንዴ ብሎ ሳቀባት። የዚያን ቀን ወደ ቤቷ የተመለሰችው ጥርሷን እንደነከሰች ነው።

ከዚያ በሮቹ መያዝ ጀመሩ።

መጀመሪያ የባለሱቁ፣ ቀጥሎ የጎረቤቱ፣ ቀጥሎ የሁሉም። አንዱ በር ከመቃኑ አልወጣ ይላል፤ ሌላው አልዘጋ ይላል። ግድግዳው ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ትወጣና በሳምንቱ ጣት ታስገባለች። ሌላ አገር ቢሆን ሰው ተሰብስቦ ምን ጉድ መጣብን ይል ነበር። የዚህ ሰፈር ሰው ግን ቤቱን እንደ ልብሱ ነው የሚያየው፤ ስንጥቅ ማሳየት ቀዳዳ ለብሶ አደባባይ እንደ መውጣት ነው። እንግዳ ሳይመጣ ይለሰናል፣ ቀለም ይቀባል፣ ያበቃል። በሩ ከያዘ ደግሞ አናጢው ይጠራል። አናጢው ባሏ ነው።

ባሏ ያን ሰሞን እንደዚያ ሥራ በዝቶለት አያውቅም። መላጊያውን ይዞ ከደጅ ደጅ ይዞራል፤ የያዘውን ጠርዝ ልጎ ልጎ በሩ በትንሽ ጣት እስኪገፋ ድረስ ያለሰልሰዋል፤ ማታ ፀጉሩ ላይ ሰጋቱራ ነስንሶ ይገባል። እጁ ወርቅ ነው ይባላል፤ ውሸትም አይደለም። እሷ፣ በሩ ምንም አልሆነ፣ ቤቱ ነው የሚሄደው ስትለው፣ እንጨት ነው እኮ፣ ክረምት ነው፣ ውሃ ጠጥቶ አበጠ ይላታል። በሩን በላገው ቁጥር ዳገቱ የሚነግራቸውን እየፋቀ የሚጥል ይመስላትና ያንን ወርቅ እጁን መንከስ ያምራታል።

እሷም ብትሆን ጥፋት አላጣችም፤ አማቷ ይህን አይረሱም። ባለፈው ክረምት አንድ ቀን፣ ዶፉ ሲወርድ፣ በየበሩ እየደበደበች ሰፈሩን ሁሉ አስወጥታ የትምህርት ቤቱ አዳራሽ አስገብታው ነበር። ሰው ፍራሹን ተሸክሞ፣ ድስቱን ታቅፎ እስኪመሽ ቆመ። ዳገቱ ንቅንቅ አላለም። ልጇ በዚያ ብርድ ሳምባ ምች ያዛትና ብዙ ቀን አልጋ ላይ ዋለች። «ወይኔ» የሚለው ስም የወጣላትም ከዚያ በኋላ ነው። አማቷ ከዚያን ቀን ጀምሮ የቤቱን ቁልፍ በገመድ አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉ። ልጄን ሁለተኛ ዝናብ ላይ አታወጣትም አሉ፤ ልጄ የሚሏት የልጃቸውን ልጅ ነው።

ከዚህም የከፋ ነገር በሁለቱ መካከል ነበር። ከልጅቷ በፊት አንድ ወንድ ልጅ ሳይወለድ ሞቶባት ነበር። ገና ከአልጋ ሳትነሣ፣ በመስኮቱ በኩል፣ አማቷ ልብስ እያሰጡ ለጎረቤት ሲናገሩ ሰማች። «ፍርሃቷ ነው ሆዷ ውስጥ ያፈነው» ሲሉ። ሆድ ይፍጀው ብላ ዋጠችው፤ ለባሏም አልነገረችም። ሆድ ግን አይፈጅም፤ ያስቀምጣል እንጂ።

በዚያ ሰፈር ወይኔ ብለው የማይጠሯት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ ጋሼ ፖስታ። ጡረታ የወጡ ፖስተኛ ናቸው፤ ቤታቸው ከአማቷ ቤት ቀጥሎ ወደ ታች ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ደብዳቤ ተሸክመው ያንን ዳገት ሲወጡና ሲወርዱ ኖረው፣ የማንም ነገር ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። ሰፈሩ ጠብ ይወዳል። እሳት ተነሣ ቢባል የቱ ጋ ብሎ የሚጠይቅ ሰው፣ ጠብ ተነሣ ሲባል ወጡን ምድጃ ላይ ጥሎ ይወጣል። መስኮት ሁሉ ይከፈታል። ጋሼ ፖስታ ብቻ የተከፈተውን መስኮታቸውን ይዘጋሉ። የሰው ገመና በመስኮቴ አይገባም ይላሉ። እሷን ባገኟት ቁጥር ባርኔጣቸውን ከፍ አድርገው፣ የኔ ልጅ፣ ዛሬስ ዳገታችን እንዴት ዋለ ይሏታል። ቀልድ አይደለም፤ መልሷን ቆመው ይሰማሉ።

ነገሩ የሆነ ቀን ፀሐይ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ያለማቋረጥ ሲዘንብ ሰንብቶ ያን ቀን ጠዋት አባራ። ሰው ፍራሹን አወጣ፤ ልብሱን አሰጣ፤ ተመስገን አለፈ አለ። እሷ ከምሳ በኋላ የሸሚዝ ኮሌታ እየተኮሰች ቀና ብትል፣ የመብራቱ ሽቦ ዓይኗን ያዘው። ከባለሱቁ ቤት በላይ በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል ያለው ሽቦ ወፎች ሲያርፉበት ሆዱን ጥሎ የሚወዛወዝ ነበር። አሁን ክር መስሎ ተወጥሯል። የላይኛው ምሰሶ፣ የሆነ ሰው ትከሻውን ይዞ የሚገፋው ይመስል፣ ወደ ኋላ ዘምሟል። ትክ ብላ እያየች ሳለ ሌላ ነገር ጎደለባት። ጆሮዋን አቀናች። ሳምንቱን ሙሉ ከድልድዩ ሥር ሲያጓራ የነበረው ወንዝ ድምፁ የለም።

ካውያውን እንዳለ ሸሚዙ ላይ ጥላ ወጣች። ኃላፊዋ ከኋላዋ፣ ሸሚዙ ተቃጠለ እያለች ስትጮኽ ሰምታታለች፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

ድልድዩ ላይ ቆም ብላ ወደ ታች አየች። ወንዙ እንደ ገንፎ ወፍሮ በድንጋዩ መካከል ይሳባል። ከላይ የሆነ ቦታ አፈር ገብቶ አፍኖታል። ዳገቱ ግርጌ የባለመጋዘኑ ኤክስካቫተር ዛሬም ይቆርሳል፤ ፀሐይ ወጣ ተብሎ ሥራው ተጧጡፏል። እሷ ሽቅብ ሮጠች።

ባሏን ያገኘችው በባለሱቁ ደጅ ነው። በሩን ከማጠፊያው አውርዶ ሁለት ወንበር ላይ አጋድሞ ይልጋል። ባለፈው ወር የላገው ያንኑ በር ነው። ትንፋሽ እያጠራት፣ መላጊያህን ጣል፣ እናትህንና ልጅህን እናውጣ፣ ዳገቱ እየሄደ ነው አለችው። ባሏ ቀና ብሎ ያየው እሷን አልነበረም፤ ደጁ ላይ የተቀመጡትን ነው።

ባለሱቁ ከባንኮኒው ጀርባ ሆኖ፣ «በዝናቡ ጊዜስ እሺ» አለ። «ዛሬ ደግሞ ፀሐዩ ነው የሚንደን?»

ሳቁባት። ባሏም ቀረብ ብሎ በዝግታ፣ «በሰው ፊት አታዋርጂኝ፤ ሥራሽ ተመለሺ፣ ማታ እናወራለን» አላት።

ማታ። ቃሉ እንደ ጥፊ አረፈባት። ጥላው ወጣች። ጋሼ ፖስታ መስኮታቸው ላይ ክርናቸውን አስደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። ባርኔጣቸውን ከፍ አደረጉ፤ ከንፈራቸው የተለመደውን ጥያቄ ሲጠይቅ አየች። አልመለሰችላቸውም። ትንፋሿን ለልጇ ቆጥባ አለፈቻቸው።

በሩ እንደ ወትሮው ተቆልፏል። ልጅቷ በመስኮቱ ብረት መካከል አፍንጫዋን አሹልካ እማ መጣች እያለች ትዘላለች። አማቷ ከኋላዋ መጡ። እሷ ድምፇን ዝቅ አድርጋ ለመነቻቸው። እማማ፣ በሞቴ ይክፈቱልኝ፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ ድልድዩን እንሻገር፣ ካልሆነ ተመልሰን እንገባለን አለቻቸው። የግቢውን አጥር አሳየቻቸው፤ ሰኔ ላይ ተለስኖ የተቀባው ስንጥቅ ልስኑን አራግፎ እጅ የሚያስገባ ሆኗል።

አማቷ አዩትና፣ «ይለሰናል» አሉ።

ወንዙን ነገረቻቸው። ሽቦውን ነገረቻቸው። ሴትየዋ ቁልፉን በመዳፋቸው ጨብጠው አዳመጡ፤ ከዚያ፣ ልጅቷን ዓምና ያመጣሽባት ሳምባ ምች ይበቃታል፣ ባሌ በእጁ የሠራውን ቤት የአንቺ ወሬ አያፈርሰውም፣ ሂጂ አሉ። እሷ የመስኮቱን ብረት ይዛ መነቅነቅ ስትጀምር፣ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ ሳያደርጉ፣

«አንዱን በፍርሃትሽ ገደልሽ፤ ይቺኛዋን ግን አልሰጥሽም» አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሰፈሩ ሁሉ እንደ ብልሃት ያወራዋል። ብልሃት አልነበረም። ለዓመታት የተዋጠ ነገር ነው የወጣው።

ከመስኮቱ ዞራ ወደ መንገዱ ወጣችና፣ በሕይወቷ አውጥታው በማታውቀው ድምፅ፣ ሰፈሩ ይስማ ብላ ጀመረች።

«ያቺ ሴት ናት ልጄን የበላችው! አልጋ ላይ ደሜ ሳይደርቅ፣ ልብስ እያሰጣች፣ ሬሳ ላይ ያላገጠችው ያቺ ናት!»

አንቱታው ከአፏ ጠፍቷል። አማቷን አንቺ ብላ። በመንገዱ ግራና ቀኝ መስኮቶች ተከፈቱ። በር የያዘበት በመስኮት ዘለለ፤ ሊጥ በእጁ ያለ ከነሊጡ ወጣ። እሷ አየቻቸው። መሬቱ እየሄደ ነው ስትል አንድም ሰው ያልተነሣላት ሰፈር፣ ሬሳ ላይ አላገጠች ስትል ግልብጥ ብሎ ወጣ። ይህን ስታይ ንዴቷ ባሰ። ግን ደግሞ፣ በዚያ ንዴት መሐል፣ አንድ ነገር ገባት፤ እግሯ እንደ ራሱ ፈቃድ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ቁልቁል ወረደ። ሰዉ አንድ እርምጃ ተከተላት።

«ንገሪያቸው እንጂ!» አለች ወደ ላይ እየጮኸች። «ባልሽን ማን እንደ ገደለው ንገሪያቸው። ከእህትሽ በልጠሽ ለመታየት፣ ከቤቷ በላይ ካልሆነ አልኖርም ብለሽ፣ በታመመ ልቡ ድንጋይ እያሸከምሽ ዳገቱን ያስወጣሽው አንቺ ነሽ። ቤት ሠራልኝ ትያለሽ፤ መቃብሩን ነው የሠራው!»

ይህን ሁሉም ያውቀው ነበር፤ አፍ አውጥቶ የተናገረው ግን አልነበረም።

ከላይ የቁልፍ ድምፅ ተሰማ። አማቷ ከፈቱ፤ በሩ ግን አልወጣም፤ መቃኑ ውስጥ ተቀርቅሯል። ባሏ በዚያው ሳምንት የላገው በር ነው። ሴትየዋ ከውስጥ እየገፉ ይራገማሉ። እሷ መልሳ ሮጣ ከውጭ እጀታውን ያዘች። አንዷ ልትመታ እየገፋች፣ አንዷ ልጇን ልታወጣ እየጎተተች፣ እየተሰዳደቡ፣ አብረው ታገሉት። መቃኑ ተሰነጠቀና በሩ ወጣ። አማቷ በአንድ እጃቸው ልጅቷን በሌላው ከዘራቸውን ይዘው ብቅ አሉ፤ ፊታቸው ዓመድ መስሏል።

ልጅቷን ነጥቃ ታቀፈችና ቁልቁል ወረደች። እየሮጠች አይደለም፤ ብትሮጥ ያመለጠች ትመስላለች፣ አማቷም ይመለሳሉ። ዞር እያለች፣ እየቆመች፣ አንድ ስድብ እየወረወረች፣ ከዘራው ሊደርስባት ሲል ጥቂት እየራቀች ወረደች። ለጎረቤቷም አልቀረላትም፤ አንቺም ቆመሽ ሰምተሽ ከንፈር መጠጥሽ አለቻት፤ ጎረቤቷ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ልትመልስላት ተከተለች። ባለሱቁን፣ አንተ በሰው ፍርሃት የምትገለፍጥ አለችው፤ ሱቁን ጥሎ ወጣ። ሰካራሙም፣ ነፍሰ ጡሯም፣ ጠብ እንዳያመልጠው የሚሻ ሁሉ ከኋላ ተግተልትሎ ወረደ። የኤክስካቫተሩ ሾፌር እንኳ ማሽኑን አጥፍቶ ወደ መንገዱ ወጣ።

ባሏ መላጊያውን እንደያዘ ደረሰባትና ክንዷን ጨመደዳት። «አብደሻል? ወደ ቤት» አላት። ፊቱ በእፍረት ቀልቷል።

«ድልድዩን ተሻግረህ ምታኝ» አለችው።

ጎተታት፤ እሷም ጎተተችው፤ እሷ ነደደች፣ እሱ አፈረ፣ ተሻገሩ። አማቷ ተሻገሩ። የሰፈሩ ሰው ድልድዩን ሞልቶ፣ የተሻለ ለማየት እየተገፋፋ ወደ ስፌት ቤቱ ግድግዳ ፈሰሰ። እዚያ አማቷ ደረሱባትና ከዘራውን ትከሻዋ ላይ አሳረፉት። ልጅቷ ጮኸች። እሷ ግን ትከሻዋን አላሸችም፤ ከአማቷ ራስ በላይ አሻግራ ወደ ዳገቱ እያየች ነበር።

መጀመሪያ ሽቦው ተበጠሰ። ከዚያ ከመሬት ውስጥ፣ ብዙ ከባድ መኪና አንድ ላይ ሞተር ያስነሣ ይመስል፣ የሚያጓራ ድምፅ መጣ። የአማቷ ቤት ቆርቆሮው ፀሐይ ላይ እያበራ፣ ሳይፈርስ፣ እንደ ቆመ ቁልቁል ሄደ። ትንሽ መንገድ እንደዚያ ሄደና ጎንበስ አለ። ከዚያ በኋላ ቤቱ የቱ፣ አፈሩ የቱ እንደሆነ የሚለይ አልነበረም። ዳገቱ በሙሉ ወረደ፤ መንገዱን በላ፣ ሱቁን በላ፣ ግርጌው ያለውን ኤክስካቫተር እንደ አሻንጉሊት ገለበጠ፤ ወንዙ ዳር ሲደርስ ቆመ። አቧራው ሁሉንም ሸፈናቸው።

በእጇ ሊጥ ይዛ የወጣችው ሴት እጇን እንደዘረጋች ቀረች።

እሷ አቧራው ሳይጠፋ በሰዉ መካከል መዞር ጀመረች። የእያንዳንዱን ፊት በእጇ እየጠረገች አየች። ባለሱቁ አለ። ነፍሰ ጡሯ አለች። ጎረቤቷ አለች፤ ሊሳደብ የተዘጋጀ አፏ እንደተከፈተ። ዞራ ዞራ ስትጨርስ ቆመች።

«ጋሼ ፖስታስ?» አለች።

ባለሱቁ፣ መሬት መሬቱን እያየ፣ «እናንተ ስትጀምሩ መስኮታቸውን ሲዘጉ አይቻቸዋለሁ» አለ።

እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች። ለእሳቸው እኮ መሳደብ አያስፈልግም ነበር። የኔ ልጅ፣ ዳገታችን እንዴት ዋለ ሲሏት፣ እየወረደ ነው ጋሼ፣ ይውጡ ብትላቸው፣ ባርኔጣቸውን አድርገው ይወጡ ነበር። የሚያምኗት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውን አልፋቸው ሄደች። ወሬ ለመስማት የወጣ ሁሉ ተረፈ፤ የሰው ገመና አልሰማም ያሉት ብቻ ከአፈር በታች ቀሩ።

ሲመሽ የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ብርድ ልብስ ታደለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ የማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ ቢጫ ሄልሜት አድርጎ መጣና መድረኩ ላይ ቆመ። ዝናቡ ከመጠን በላይ እንደነበረ፣ አፈሩ ውሃ እንደጠገበ፣ እንዲህ ያለውን የተፈጥሮ አደጋ ማንም ሊያስቀረው እንደማይችል በሐዘን ተናገረ። ሰዉ አንገቱን ደፍቶ ሰማው። እሷ ከኋላ ተነሣች።

«ዝናቡ ከዚያ በፊትም ይዘንብ ነበር» አለች። «ዳገቱም ነበር። ያልነበረው ከሥሩ የሚቆርሰው ሰውዬ ነው። ደጅህ መጥቼ ነግሬሃለሁ። ዝናቡ ሲያባራ ብለኸኛል፤ ይኸው አባራ።»

መሐንዲሱ፣ ስሜቷን እንደሚረዳ፣ ነገሩ እንደሚጣራ ተናግሮ ከመድረኩ ወረደ። ሄልሜቱን ያወለቀው ደጅ ከወጣ በኋላ ነው።

እሱ ሲሄድ ወሬው ወደ እሷ ዞረ። ባለሱቁ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ለማያውቁት ሁሉ ያወራል። በጠብ እኮ ነው ያወጣችን፣ ሰው ምን ቢሉት እንደማይሰማ አውቃ የሐሰት ጠብ ፈጠረች፣ እንዲህ ያለ ብልሃት አይቼ አላውቅም ይላል። ወይኔ ብሎ አልጠራትም። ባሏም ወሬውን እንደ ገመድ ያዘው። እናቱ ከተቀመጡበት ፍራሽ አጠገብ ተንበርክኮ፣ እማዬ፣ ስሚኝ፣ ለማስወጣት ብላ እኮ ነው፣ ከልቧ አይደለም፣ እርሺው አላቸው። ቀና ብሎም ሚስቱን በዓይኑ ለመናት፤ አዎ በይ ብሎ።

አዎ ብትል ሁሉም ይቀል ነበር። አዳራሹ ጆሮውን ሰጥቶ ይጠብቃል። ልጅቷ ጭኗ ላይ ተኝታለች። ከዘራው ያረፈበት ትከሻዋ ይጠዘጥዛል።

«ስጀምር ለማስወጣት ብዬ አይደለም» አለች። «እያንዳንዷ ቃል ከልቤ ነው። ሲወጡልኝ ሳይ ነው ቁልቁል የሳብኳቸው።»

ባሏ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ያን ጠብ ብልሃት ነበር ብሎ መመለስ የሚችል ሰው ቢኖር እሷ ብቻ ነበረች፤ እሷም አልመለሰችውም።

ቁልፉ አሁንም በአማቷ አንገት ላይ ነው። በጣታቸው እያሻሹት ለልጃቸው፣ «ተዋት፤ እውነቷን ነው» አሉት። «እኔም የተከተልኳት ልገድላት ነው እንጂ ልመርቃት አልነበረም። ያልኩትንም ብያለሁ። ልብስ ሳሰጣ ብያለሁ።»

ይቅርታ አልጠየቁም። እሷም አልጠበቀችም። በሁለቱ ፍራሾች መካከል የልጅቷ ጫማ ብቻ ነበረ።

አማቷ፣ ወደ እሷ ሳይዞሩ፣ ጣራ ጣራውን እያዩ ጠየቁ።

«ያ ባለመጋዘን ቤቱ የት ነው?»

እዚሁ ሜዳው ላይ፣ ትልቅ የብረት በር ያለው ነው አለቻቸው።

«ጎረቤት አለው?»

«ሞልቶታል።»

«እንግዲያው ድምፅሽን አታባክኚ፤ ተኚ» አሉ ሴትየዋ። «ነገ ደጁ ቆመን እንጀምረዋለን። እኔን ያልሽኝን ያህል ካላልሽው አልምርሽም። ከዘራዬን ማን ወሰደው?»

ከዘራው እግራቸው ሥር ነበር። አንሥታ ሰጠቻቸው፤ ተቀብለው ጎናቸው አጋደሙት። እሷ ተጋደመች፤ ልቧ ግን ነገ ላይ ነው። ሰውየው እንደማይወጣ፣ ፖሊስ እንደሚጠራባቸው፣ አሮጊቷ መንገድ ላይ እንደሚወድቁባት፣ ክፉ ክፉውን ሁሉ እንደ ልማዷ በየተራ አሰበችው። ቢሆንም ትሄዳለች። ሜዳው ላይ መስኮት ሁሉ ይከፈታል፤ ሰው ግልብጥ ብሎ ይወጣል። የሰው ገመና በመስኮቴ አይገባም ብሎ የሚዘጋ ሰው ከእንግዲህ የለም። እሳቸው የሉም፤ እሷም ስለ እሳቸው ዝም አትልም።